የጋሽ ደምሰው ቸርኬዎች

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ ሰው ዋናውን ነገር ትቶ ለዓይን የሚያምረውን ሲያሳድድ ካዩት የሚወረውሩበት አንድ አባባል አለ። ልብስ መስፋት ሳይችል የሱቁን ታፔላ በቀለም የሚያስጽፍ፣ ለፈተና ሳያጠና እስክሪብቶ የሚያማርጥ፣ ሁሉም ድርሻውን ይቀምሳል። አባባሉን ብዙ ሰው ይናገረዋል፤ ከየት እንደመጣ የምናውቀው ግን ያን ቀን መኪናዋን የገፋን ሰዎች ብቻ ነን። እኔ ከኋላ በግራ በኩል ነበርኩ፤ ስለዚህ የመናገር መብት አለኝ። አባባሉን ግን አሁን አልነግራችሁም። ብነግራችሁ ታሪኩን ሳትሰሙ ትነሳላችሁ፤ አውቃችኋለሁ።

ጋሽ ደምሰው ጎረቤቴ ነው። ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙም አይበረክትምና «ነው» ስል አትቀየሙኝ። ዕድሜውን ሙሉ ጅቡቲ እየተመላለሰ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ የልቡ ሀብት ግን አንዲት ቀይ የስፖርት መኪና ነበረች። ድሮ ሁለት የግሪክ ወንድማማቾች እንደ መንታ የሚመሳሰሉ ሁለት መኪኖች አስመጥተው ነበር። አገር ለቀው ሲሄዱ አንደኛዋን ጋሽ ደምሰው ገዛት፤ ሁለተኛዋ ሐረር ገባች። ሚስቱን ብርነሽን ሙሽራ አድርጎ ከሐረር በደንገጎ ቁልቁለት ያመጣት በዚህችው መኪና ነው። ብርነሽ ስታርፍ መኪናዋም ሸራ ለብሳ ግቢው ጥግ ቆመች። ከዚያ በኋላ እንዲነዳት ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም አላሰበውም።

ዓመታት አልፈው ልጁ ረድኤት ለአንድ የሐረር ልጅ ስትታጭ ግን ሸራውን ራሱ ገፈፈው።

«እናቷን ከሐረር ያመጣኋት በዚህች ነው። እሷንም ሐረር የማደርሳት በዚህችው ነው» አለ።

የሙሽራው አጎት አቶ ታደገ ለሠርጉ ወግ ሊነጋገር ከሽማግሌዎች ጋር መጥቶ ይህን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ። ሐረር ውስጥ ሆቴል ያለው፣ የሚያብረቀርቅ ነጭ ቪኤይት የሚነዳ ሰው ነው። ሙሽሮቹን በዚያ ቪኤይት ሊወስድ አስቦ ነበር።

«ሙሽራ መንገድ ላይ ከቆመች ለሁለታችንም ቤት ነውር ነው» አለ።

«አትቆምም።»

«ደንገጎ ላይ?»

«ደንገጎ ላይ!»

«እንግዲያው እስከ ሠርጉ ሳምንት ረቡዕ ድረስ ሳትገፋ ደንገጎን ከወጣች፣ ሙሽሮቹ በእሷ ይሂዱ። ካልወጣች በእኔ መኪና።»

ጋሽ ደምሰው አፉን ሳያስከድነው «ተስማምቻለሁ!» ብሎ እጁን ዘረጋ። ሽማግሌዎቹም አጨበጨቡ። ያላጨበጨበው የልብ ጓደኛው ጋሽ ኢስማኤል ብቻ ነበር። ጋሽ ኢስማኤል ድሮ የምድር ባቡር ክለብ ሯጮች አሰልጣኝ ነበር፤ ዛሬም ሰው ሲያይ መጀመሪያ የሚያየው አረማመዱን ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ያልሞከርከውን እግር ይዘህ ትወራረዳለህ?» አለው።

«ዝም ብለህ እየኝ።»

መካኒኩ ኢሳ ሞተሯን ከፍቶ ገና እንዳያት ራሱን ነቀነቀ። «አቦ ጋሽ ደምሰው፣ መጀመሪያ የነዳጁን ነገር እንየው። ይቺ ካርቡሬተር የላትም። ነዳጇን በፖምፓ ገፍታ በኢንጀክተር የምትረጭ ናት። ይሄን ሁሉ ዘመን ቆማ ፖምፓው ጤነኛ ይሆናል ብለህ ነው?»

«ሞተሩ ይነሳል አይደል?»

«መነሳቱንማ ይነሳል።»

«ስለዚህ ወደ ቸርኬው! የሠርግ ቪዲዮ የሚያነሳ ሰው ካሜራውን መጀመሪያ የሚያወርደው ወዴት ነው? ወደ ጎማው አይደለም?»

እሱን ብቻ እንዳንወቅስ እውነቱን ልናገር፤ ሰፈሩ በሙሉ ደገፈው። የድሬ ሰው ለሠርግ ያለው ፍቅር ይታወቃል። የመኪናዋ ቸርኬዎች እንደ ብስክሌት በቀጫጭን ሽቦዎች የተወጠሩ ናቸው። ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ተፈቱ፤ በአመድና በሎሚ ተፈተጉ፤ አዲስ አበባ ተልከው ኒኬል ውስጥ ተነክረው ተመለሱ። ረድኤት ከሥራ ስትመለስ ከአባቷ ጎን ቁጭ ብላ ትወለውላለች። እንደገና ተወጥረው ሲያልቁ የሚያያቸው ሰው ፊቱን ያይባቸው ነበር። እኔ ራሴ ጸጉሬን አስተካክዬባቸዋለሁ።

ጋሽ ደምሰው ረቡዕን መጠበቅ አቃተው። እሁድ ዕለት አቶ ታደገን ከሐረር አስጠራው። መኪናዋ እልል እየተባለላት ከሰፈር ወጣች፤ እኛም በሚኒባስ ተከተልናት። ሜዳው ላይ ነፋስ ሆነች። ደንገጎ ሥር ደርሳ ዳገቱን ስትጀምር ግን ሳል ያዛት። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ሁለቴ ተንገጫግጫ ቀጥ አለች። አንድ ጫት የጫነ አይሱዙ ጥሩንባውን እያምባረቀ አልፎን ሄደ። እኛ ወርደን ገፍተን አዞርናት፤ ቁልቁለቱንም ሞተሯ ጠፍቶ ወረደች። ጋሽ ደምሰው መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ነበር። በጣም አሳዘነኝ።

አቶ ታደገ ከቪኤይቱ ወርዶ ቸርኬዎቹን አየ፤ ጎንበስ ብሎም ዳሰሳቸው። «እውነቱን ለመናገር ግን ቸርኬዎቹ ያምራሉ። የእኔዋ ላይ ቢሆኑ የሆቴሌ ደጃፍ ሌላ ይሆን ነበር» አለ። የእኔዋ የሚላት ያቺን መንታዋን ነው። አምና ማርሿ ከተሰበረ ጀምሮ ሆቴሉ በር ላይ ለጌጥ አቁሟታል። ከዚያ ወደ ጋሽ ደምሰው ዞሮ «እንግዲህ ቪኤይቱን ላሳጥብ?» አለው።

«ረቡዕ ገና ነው» አለ ጋሽ ደምሰው።

ግቢው ሲደርስ ሻይ እንኳ አልቀመሰም። እጅጌውን ሰብስቦ ኢሳን ጠራና «በል፣ ያልከኝን አሁን እንሥራ» አለው።

የነዳጅ መያዣዋን ስናወርደው ውስጡ ዝገት በዝገት ነበር። ጠጠርና ቤንዚን ጨምረን እየተፈራረቅን ናጥነው፤ የወጣው ቤንዚን የፈላ ሻይ ይመስላል። የተሰነጣጠቁት ቱቦዎች ተጣሉ። ኢሳ ኢንጀክተሮቹን ፈትቶ እያጠበ በጠርሙስ ውስጥ ሞከራቸው። እንደ ጉም መርጨት ሲገባቸው እንደ ተበላሸ ቧንቧ ይንጠባጠቡ ነበር። አጠበ፣ ሞከረ፣ ደግሞ አጠበ፤ በመጨረሻ ሁሉም ጉም ረጩ። ፖምፓውን ከፍቶ ግን ወደ ብርሃን አስጠግቶ ደጋግሞ አየው።

«ምንድን ነው?» አለ ጋሽ ደምሰው።

«ዝገቱ ውስጡን በልቶታል። ይሄ አይድንም። መኪናህ አልታመመችም ጋሽ ደምሰው፤ ርቧት ነው። ሜዳ ላይ በጥቂቱ ትኖራለች። ዳገት ላይ ብዙ ስትፈልግ የሚያጎርሳት የለም።»

«ሌላ ፖምፓ ከየት ይገኛል?»

ሁላችንም መልሱን እናውቀው ነበር፤ የተናገረችው ግን ረድኤት ናት። «ሐረር፣ አቶ ታደገ ሆቴል ደጃፍ ላይ ቆሟል።»

ጋሽ ደምሰው ቸርኬዎቹን አየ። አቶ ታደገ በምን እንደሚለውጠው ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። «ሽቦ በሽቦ አብረን የወለወልነውን፣ ልጄ?» አላት።

«አባዬ፣ እማዬን ያመጣሃት በቸርኬው ማማር ነው?»

ማግስቱን ቸርኬዎቹን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ሐረር ወጣ። አቶ ታደገ ሳቁን መደበቅ አልቻለም። «ቆማ ለምትውል መኪና ፖምፓ ምን ያደርግላታል? ይውሰዱ! የእኔዋንም ቸርኬዎች ጨምሬ እሰጥዎታለሁ» አለው። በዛገ ቸርኬ ደንገጎን አትወጣም ብሎ፣ ቸርኬውም ቪኤይቱም በአንድ ቀን የተሳካለት መስሎት ነበር። ጋሽ ደምሰው ፖምፓውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ እንደ ሕፃን አቅፎት ተመለሰ።

ከሐረር የመጡት ቸርኬዎች ዝገው ቀለማቸው ጠፍቷል። ኢሳ ሽቦዎቹን እየመታ ድምፃቸውን አዳመጠ፤ የላሉትን ወጠረ፤ የተሰበረ አልነበረም። «አያምሩም እንጂ ሰው ይሸከማሉ» አለ። ለማሳመር ጊዜ አልነበረም። ያለው ጊዜ ፖምፓውን ለማጠብ፣ ለመግጠምና ለመሞከር ዋለ። ጋሽ ደምሰው ቁልፍ አቀባይ ሆነ፤ በዚያ ዕድሜው መሬት ላይ ተኝቶ ከመኪናዋ ሥር ሲገባ ማንም «ተው» ሊለው አልደፈረም።

ረቡዕ ጠዋት እልልታ አልነበረም። ጋሽ ደምሰው መሪውን ያዘ፤ ጋሽ ኢስማኤል ከጎኑ ተቀመጠ፤ ረድኤት ጠባቧ የኋላ ወንበር ላይ ገባች። አቶ ታደገ ደንገጎ አናት ላይ ቪኤይቱን አቁሞ እየጠበቀ ነበር። እኛ ለመግፋት ተዘጋጅተን በሚኒባስ ተከተልን። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ስትደርስ ሁላችንም በሚኒባሱ የፊት መስታወት ተንጠራርተን አየናት። ሞተሯ ድምፁን አወፈረና ኩርባውን ጥላው ሄደች። ሾፌራችን ነዳጅ እስከ መጨረሻው ረገጠ፤ አልደረስንባትም።

አናት ላይ ስንደርስ ቆማ አገኘናት። ሞተሯ አልጠፋም፤ እንደ ድመት ያንኮራፋል። ጋሽ ደምሰው መሪውን እንደያዘ ያለቅሳል፤ እንባውንም አልጠረገም። «እናትሽ እዚች ጋ ነው 'ቀስ በል' ብላ የቆጣችኝ» አላት ልጁን። ረድኤት ከኋላ ሆና አንገቱን አቀፈችው።

አቶ ታደገ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያት። ክፉ ሰው አይደለም። «ረትተውኛል አቶ ደምሰው። ሙሽሮቹ በእርስዎ ይሂዱ። ግን ልጃችን በዛገ ቸርኬ ሐረር ትግባ? ለሠርጉ ቀን ያንን ቸርኬ ላውስዎት» አለ።

«እንዲሁ እገባለሁ» አለች ረድኤት።

አቶ ታደገ የዛገውን ቸርኬ በጫማው ጫፍ ነካ፤ ያልገባው ነገር ነበር። «ቆይ፣ እሁድ ዕለት በዚያ ሁሉ ውበት ሁለተኛውን ኩርባ ያላለፈች፣ ዛሬ በዚህ ዝገት እንዴት ወጣች?»

ጋሽ ኢስማኤል በሩን ከፍቶ ወረደ፤ ጉልበቱን አፍታትቶ፣ ድሮ ሯጮቹን በሚመክርበት ድምፅ «የራበው ሯጭ በጫማ አይሮጥም» አለው።