አያ ጅቦ ለቡድኑ ሲያስብ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት የገናን ጨዋታ ከሰዎች አይተው በለመዱበት ዘመን፣ ላይ ጫካና ታች ጫካ የሚባሉ ሁለት ሰፈሮች በየዓመቱ ይገጥሙ ነበር። ሰዎች ይህን ጨዋታ የሚጫወቱት በቆልማማ ዱላ ነው። እንስሳቱ ግን ዱላ የሚጨብጡበት ጣት ስለሌላቸው ሩሯን በሰኮናም በመዳፍም እየመቱ ይሯሯጡ ነበር። ጣት ያላት እንኮዬ ጦጣ ብቻ ነበረች፤ እሷንም ዳኛ አደረጓት። ሩሯ ከበሬ ቆዳ የተሰፋች ድቡልቡል ኳስ ስትሆን፣ ከሁለቱ በሮች በአንዱ ከገባች ጨዋታው ያበቃል። ያሸነፈው ሰፈር በሁለቱ ጫካዎች መካከል የሚፈልቀውን ምንጭ እስከሚቀጥለው ገና ይይዛል። የተሸነፈው ውሃ በጠማው ቁጥር እየሄደ ማስፈቀድ አለበት።

ነብርና ሚዳቋ፣ ጅብና አህያ በአንድ ሜዳ እንዴት ይውላሉ የሚል ሰው አይጠፋም። ለዚህም ሕግ ነበራቸው። ለላይ ጫካ የሚጫወት ሁሉ ጌታው አንበሳ ፊት ይቀርባል፤ አንበሳም መዳፉን ጀርባው ላይ ያሳርፍበታል። ያን ጊዜ ውል ታሰረ ይባላል። በታች ጫካም ጎሽ በሰኮናው እንደዚሁ ያደርጋል። ውል ያለውን ተጫዋች፣ የየትኛውም ሰፈር ይሁን፣ ማንም አይበላውም። ውሉ ያለቀበት ግን እንደማንኛውም ሥጋ ነው።

የላይ ጫካ በረኛ ጋሽ አህያ ነበር። ዕድሜው ገፍቷል። አይሮጥም፣ አይዘልም፣ ለተመልካች የሚያምር ነገር አያሳይም። በሩ ላይ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ይቆማል፤ ሩሯ ስትመጣ በኋላ እግሮቹ ይላታል፤ ሩሯም ወደመጣችበት ትመለሳለች። ሥራው ይኸው ነው። ምንጩ ግን ከላይ ጫካ እጅ የወጣበትን ዓመት የሚያስታውስ እንኳ አልነበረም።

ከደጋፊዎች ሁሉ አንደኛው ደግሞ አያ ጅቦ ነበር። ቡድኑን ይወዳል፤ ይህን ማንም አይክድም። ልምምድ በተባለ ቀን ከተጫዋቾቹ እንኳ ቀድሞ ሜዳው ዳር ይጋደማል። ጋሽ አህያ ብቅ ሲል ዓይኑ ከዳሌው ላይ አይነቀልም። «ጨዋታ ማየት እንዴት ደስ ይላል» ይላል ምራቁን እየዋጠ። እሱ ራሱ ይህ ነገር የጨዋታ ፍቅር መሆኑን አንድም ቀን ተጠራጥሮ አያውቅም።

ልምምድ ሲያበቃ ደጋፊዎች ከሾላው ዛፍ ሥር ተሰብስበው ይከራከራሉ። አንበሳ ውል የሚያድስበት ቀን ሲቃረብ ክርክሩ ይጦፋል።

«እኔ እቅጩን ልናገር» አለ አያ ጅቦ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ። «ያ አህያ አብቅቶለታል። ውሉ መታደስ የለበትም።»

«ምን አጠፋ?» አለች ከተጫዋቾቹ መካከል ክርክሩን ልትሰማ የቀረችው ኤሊ። «አምና አንዲት ሩር እንኳ አላሳለፈም እኮ።»

«አምና አምና ነው። እኔ የማስበው ስለ ወደፊቱ ነው። እግሩ ከብዷል። ሆዱ ወጥቷል። ዳሌውንማ ተይው። እንዲያ ተንዠርግጎ፣ እንዲያ በጮማ ተሸፍኖ...» እዚህ ላይ ድምፁ ስልት አጣ፤ ከንፈሩን ላሰ። «እንዲህ ዓይነት ዳሌ ለበረኛ አይሆንም ነው የምለው።»

«በረኛ ወፍራም ቢሆን በሩን ይሞላል እንጂ ምን ይጎዳል?»

«አንቺ ጨዋታ አይገባሽም» አለ አያ ጅቦ፤ ክርክሩንም ያሸነፈ መሰለው።

እመት ቀበሮ ይህን ሁሉ የምትሰማው ራቅ ብላ ተቀምጣ ነበር። ከአያ ጅቦ ከንፈር ወደ መሬት የወረደውን ምራቅም አይታለች። ሌሎቹ ሲበታተኑ ቀስ ብላ ተጠጋችው።

«አያ ጅቦ፣ ንግግርህ አንጀቴን ነው የበላው» አለችው። «ስለ ቡድኑ እንዲህ የሚጨነቅ ሌላ ደጋፊ የለም ብዬ ነበር። እኔማ ያቺን በግራ በኩል የምትሮጠውን ጅግራ ሳስብ እንቅልፍ አጣለሁ።»

«ጅግራ ደግሞ ምን ሆነች?»

«ደረቷ ሞላ። ደረቱ የሞላ ተጫዋች የት ይደርሳል? እንግዲህ እንዲህ እናድርግ። አንበሳ ፊት ስንቀርብ እኔ ስለ አህያው እመሰክራለሁ፤ አንተ ደግሞ ስለ ጅግራ ትመሰክራለህ።»

አያ ጅቦ ግራ ገባው። «ስለ ጅግራ እኮ የማውቀው ነገር የለም።»

«እኔስ ስለ አህያ ምን አውቃለሁ? የደጋፊ ሥራ አስተያየት መስጠት ነው።»

ይህ ነገር ለአያ ጅቦ ትልቅ ትምህርት ሆኖ ታየው። በማግስቱም ከሾላው ሥር ደጋግሞ ተናገረው። ወሬው ሲዛመት ነብር የሚዳቋ ቁርጭምጭሚት እንደሚያሳስበው ገለጸ። ተኩላ በበኩሉ በግ ሩጫዋ መቀነሱን ካስተዋለ መሰንበቱን ተናገረ። ሁሉም ስለ አንድ ተጫዋች ድካም ልቡ ተነክቶ ነበር። የሚገርመው ስለ ጃርት ድካም የተጨነቀ አንድም ደጋፊ አልተገኘም።

ውል የሚታደስበት ቀን ደረሰና ሁሉም አንበሳ ፊት ቀረቡ። ደጋፊዎቹ እየተነሱ መሰከሩ። እመት ቀበሮ የጋሽ አህያን እርጅና እንባ እየተናነቃት ገለጸች። አያ ጅቦም የጅግራን ደረት አነሳ፤ ነገር ግን ሐሳቡ እየሸሸበት በመሃል አራት ጊዜ ያህል «አህያ» ብሎ ታረመ። አንበሳ ጫጫታ አይወድም። ከረፋድ ጀምሮ ሲጮሁበት ስለቆዩ ራሱን አሞት ነበር።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አለው ጋሽ አህያን።

ጋሽ አህያ ጆሮዎቹን ጣለ። «ጌታዬ፣ እኔ ንግግር አልችልበትም። የማውቀው በሩ ላይ ቆሜ ሩር መመለስ ነው። ውሌ ካልታደሰ ግን ወዴት እንደምገባ እዚህ ያለው ሁሉ ያውቃል» አለና ወደ አያ ጅቦ ዞሮ ተመለከተ። ድምፁ ውስጥ ፍርሃት ነበረበት፤ ሊደብቀውም አልሞከረም።

አያ ጅቦ ዓይኑን ወደ ሰማይ ሰቀለ። «ነገሩን የግል አናድርገው» አለ። «እኔ በግሌ አህያ በጣም ነው የምወደው።»

ከኋላ አንዱ የሳለ መሰለ።

«እሺ፣ እሱ ቢሰናበት ማን ይተካዋል?» አለ አንበሳ።

አያ ጅቦ እስከዚህ ድረስ አላሰበበትም ነበር። የቡድኑ ነገር እሱ ዘንድ ከጋሽ አህያ መሰናበት በኋላ ያለውን ጊዜ አይጨምርም። «ከእሱ የማይሻል ማን አለ ጌታዬ?» አለ ቶሎ ብሎ።

አንበሳ ይህችን ቃል በልቡ ያዛት። «መልካም» አለ በመጨረሻ። «ስማቸው የተነሳው ሁሉ ውላቸው አይታደስም። የነበረው ውል ግን እስከ ገና ዕለት ፀሐይ መውጫ ድረስ የጸና ነው። እስከዚያ ማንም ማንንም እንዳይነካ። አሁን ጭጭ በሉልኝ።»

የአያ ጅቦ ልብ ቅቤ ጠጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለዚያች ማለዳ ቦታ ይኑር ብሎ ሆዱን ባዶ አደረገው። ሬሳ ሲያገኝ እንኳ አሽትቶ ያልፋል። ያን ዕለት ጋሽ አህያ ከስብሰባው ወጥቶ፣ ከኋላው ጅግራን፣ ሚዳቋንና በግን አስከትሎ፣ በቁልቁለቱ ወደ ታች ጫካ ሲወርድ አየው። መንገዱን የሄዱት በጠራራ ፀሐይ ነበር፤ ማንንም አልተደበቁም። አያ ጅቦም «ወዳጆቻቸውን ሊሰናበቱ ነው፤ ደግ አደረጉ» ብሎ አዘነላቸው። ማዘኑ እውነት ነበር፤ እንባም ቢጤ መጣበት። ምራቁ ግን ቀደመው።

የገና ዕለት ፀሐይዋ ተራራው ጫፍ ላይ ብቅ ስትል አያ ጅቦ የጋሽ አህያ ደጃፍ ላይ አፉን ከፍቶ ይጠብቅ ነበር። ጋሽ አህያ ወጣ። ጀርባው ላይ በቀይ ጭቃ የተመታ ትልቅ የሰኮና ማኅተም ነበር።

«ምንድን ነው እሱ?» አለ አያ ጅቦ።

«የጎሽ ሰኮና ነው። ከዛሬ ፀሐይ መውጫ ጀምሮ የታች ጫካ በረኛ ነኝ። ውል አለኝ።»

ከበስተኋላው ጅግራ፣ ሚዳቋና በግ ተራ በተራ ብቅ አሉ። የሁሉም ጀርባ ቀይ ነበር። አያ ጅቦ ወሽመጡ ተቆረጠ። የጾመውን ጾም፣ ትቶት ያለፈውን ሬሳ ሁሉ አስታወሰ።

«ከሃዲ» አለ በምሬት። «ለቡድንህ ታማኝነት የሚባል ነገር የለህም?»

«አሰናብታችሁኝ አልነበር እንዴ አያ ጅቦ?» አለ ጋሽ አህያ፤ መንገዱንም ቀጠለ።

ሜዳው ላይ አንበሳ ቡድኑን ሲመለከት ያገኘው ኤሊንና ጃርትን ብቻ ነበር።

«ሌሎቹስ?»

«ተሰናብተዋል ጌታዬ» አለች ኤሊ።

«በማን ምክር?»

ደጋፊዎቹ ሁሉ ሣር መመርመር ጀመሩ።

«እንግዲያው መካሪዎቹ ይጫወቱ» አለ አንበሳ። «ነብርና ተኩላ ፊት ሁኑ። አንተ አያ ጅቦ፣ ከአህያ የማይሻል ማን አለ ብለህኝ ነበር። ሂድ በሩ ላይ ቁም። እመት ቀበሮስ የት አለች?»

እመት ቀበሮ አንድ እግሯን አንስታ ማንከስ ጀምራ ነበር። «እኔ እንኳ ዛሬ አሞኛል ጌታዬ። ደግሞም አንዱ ከዳር ሆኖ አስተያየት መስጠት አለበት።»

ጨዋታው ተጀመረ። ነብር ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ሩሯ በግራ ሄዳ ሚዳቋ በቀኝ ከሮጠች እሱ የሚሄደው በቀኝ ነበር። ተኩላም በግን ተከትሎ ሜዳውን ሲዞር ሩሯን ሁለት ጊዜ ረግጧት አለፈ። ጃርት ብቻውን ለፋ። ኤሊ መሃል ሜዳ ለመድረስ ጉዞ ላይ ነበረች።

አያ ጅቦ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ይሳደባል። «ሩጡ እንጂ» ይላል። «ምን ዓይነት አሰላለፍ ነው ይሄ?» በሩ ሲቆሙበት፣ ከዳር ሆነው ሲያዩት ከሚመስለው ይሰፋል።

በዚህ መሃል ጋሽ አህያ ከወዲያኛው በር ሩሯን በኋላ እግሮቹ አላትና በመላው ሜዳ ላይ በራ መጣች። አያ ጅቦ ዓይኑን ጨፍኖ አፉን ከፈተ። ሩሯ አፉ ውስጥ ገብታ ቀረች። የላይ ጫካ ደጋፊ ሁሉ ከመቀመጫው ተነሳ። «ያዛት» አሉ። አያ ጅቦ ዓይኑን ሲገልጥ ሰፈሩ ሁሉ እሱን ያያል። በዕድሜው እንደዚያ ደስ ብሎት አያውቅም።

ከዚያ ግን ምላሱ ሥራ ጀመረ። የበሬ ቆዳ ነበረች። ፀሐይ አሙቋታል፤ ሽታዋ ወጥቷል። ሆዱ ከስንት ቀን ጀምሮ ባዶ ነው። «ትንሽ ብቻ ልቅመሳት» አለ በልቡ። ሲያስበው ሩሯ ጉሮሮውን አልፋ ነበር።

እንኮዬ ጦጣ እየሮጠች መጣች። «ሩሯን አምጣ።»

«የቷን ሩር?» አለ አያ ጅቦ። የሩሯ ጠፍር በከንፈሩ ጥግ ተንጠልጥሎ ይታይ ነበር።

እንኮዬ ጦጣ ጆሮዋን ሆዱ ላይ ለጥፋ አዳመጠች። ከዚያም ብዙ አስባ ፍርዷን ሰጠች። «ሩሯ ከሜዳ አልወጣችም። አያ ጅቦ ሆድ ውስጥ ናት፤ አያ ጅቦም ሜዳ ውስጥ ነው። ጨዋታው ይቀጥላል።»

አያ ጅቦ የፍርዱ ትርጉም የገባው የታች ጫካ ተጫዋቾች በሙሉ ዓይናቸውን እሱ ላይ ሲያሳርፉ ነው። እግሬ አውጪኝ ሊል ሲዞር ጃርት ላይ ወድቆ ተመልሶ ተነሳ። ጋሽ አህያ በሩን ትቶ በዝግታ፣ በዚያ በከበደ እግሩ፣ ሜዳውን አቋርጦ መጣ። አጠገቡ ሲደርስ እንደ ልማዱ ጀርባውን ሰጠው። አያ ጅቦ ያን ሲመኘው የኖረውን ዳሌ እንደዚያ ቀርቦ አይቶት አያውቅም። ከዚያ በኋላ ያየው ሰማዩን ነው። በገዛ በሩ አልፎ እሾህ ቁጥቋጦ ውስጥ አረፈ።

«ገብታለች» አለች እንኮዬ ጦጣ።

ምንጩ ወደ ታች ጫካ ሄደ። በበነጋው ደጋፊዎች ከሾላው ሥር ውሃ ጠምቷቸው ተሰበሰቡ። ከሁሉም አብልጦ የተቆጣው አያ ጅቦ ነበር። «ያን የመሰለ በረኛ ማን ነው ያሰናበተው?» አለ። «እኔ ያኔም ልቤ አልተቀበለውም።» እመት ቀበሮም የእሷም ልብ እንዳልተቀበለው ጨምራ ተናገረች። ኤሊ አንገቷን አውጥታ አየቻቸውና መልሳ አስገባችው።

አያ ጅቦ ጥሙ ሲብስበት ወደ ምንጩ ወረደ። ጠባቂው ጋሽ አህያ ነበር። «ጋሽ አህያ፣ እንደምን ዋሉ?» አለ አያ ጅቦ። በዚህ ስም ሲጠራው የመጀመሪያው ነበር፤ አንቱታውም እንደዚሁ።

ጋሽ አህያ ለአፍታ አየው። ሊከለክለው ይችል ነበር። «ጠጣ» አለውና ገለል አለ።

አያ ጅቦ ጎኑን እያመመው አጎንብሶ ጠጣ። ውሃው ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነበር፤ ከልቡ አመሰገነ። ቀና ሲል ከማዶ ጥላ ሥር የታች ጫካው አጥቂ ወይፈን ተኝቷል። ጀርባው ያብለጨልጫል። ቀይ ጭቃው ሥር ጎኑ በቀስታ ከፍ ዝቅ ይላል።

አያ ጅቦ አፉን ጠረገ፤ መልሶ ረጠበበት።

«ጋሽ አህያ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የእናንተ ሰፈር ጉዳይ ነው፤ እኔን አያገባኝም። ለጨዋታው ካለኝ ፍቅር የተነሳ ነው የምናገረው። ያ ወይፈን ዘንድሮ ትንሽ አልከበደም?»

ጋሽ አህያ በዝግታ ዞሮ ጀርባውን ሰጠው። አያ ጅቦም ጥሙ ሳይቆርጥለት ጭራውን ቆልፎ ሽቅብ ሮጠ።

ከዚህ የምንማረው «እገሌ አብቅቶለታልና ይሰናበት» ብሎ አጥብቆ የሚጮህ ስናይ፣ የእገሌን እግር ከመመርመራችን በፊት የጯሂውን ምራቅ መመልከት እንደሚገባን ነው።