የእመት አህያ ክብረ ወሰን

አንድ ጊዜ በእንስሳት አገር የዋና ሻምፒዮና ተዘጋጀ። ሐይቁን ለማቋረጥ ክብረ ወሰኑ የዳክዬ ነበር፤ ጦጣ ሁለት መቶ እስክትቆጥር ነው ያቋረጠችው። ያንን የሰበረ፣ በአንበሳ ዘበኞች የሚጠበቀውን ለምለም መስክ ይወርሳል ተባለ። እመት አህያ ይህን ስትሰማ ሮጣ ተመዘገበች። ከጅብ መሸሽ ሰልችቷታላ!

ብልጧ ቀበሮ ወደ አያ ጅቦ ጠጋ አለች።

«አንተም ተመዝገብ። መሀል ሐይቅ ላይ ማን ያይሃል? ሰጠመች ይባላል። ለእኔ ጉበቷን ብቻ ታስቀርልኛለህ።»

«አንቺ እኮ ጭንቅላት አለሽ!» አለ ጅብ፣ ምራቁን እየዋጠ።

ጅብ እስኪነክስ ያነክስ አይደል? እያነከሰ ዳኛው አንበሳ ዘንድ ሄደ። «እግሬን አሞኝ፣ ዋና ይሻልሃል ብለውኝ ነው» አለ። አንበሳም አመነው። እኔ ብሆን አላምነውም ነበር!

በውድድሩ ቀን ሐይቁ ዳር ጠጠር መጣያ አልነበረም። ጦጣ «አንድ!» ስትል ዋናተኞቹ ዘለው ገቡ። መሀል ላይ ከአህያ ጀርባ ድምፅ መጣ።

«እመት አህያ፣ ምን ያስቸኩልሻል? አብረን እንዋኝ እንጂ!»

ዞር ብትል፣ ጥርስ! «ኧረ በሕግ!» ብላ በአራት እግሯ ውሃውን ታምሰው ጀመር። ጅብ ሊነክሳት አፉን በከፈተ ቁጥር ውሃ ይሞላበታል። እሱ ሲተፋ እሷ ትርቃለች። ጦጣ «መቶ ሠላሳ!» ስትል አህያ ማዶ ወጣች። ሐይቁ ዳር በእልልታ ቀለጠ። እሷ ግን ክብረ ወሰኑን ጭራሽ ረስታ፣ አሸዋው ላይ ተዘርራ «ተረፍኩ! እሰይ፣ ተረፍኩ!» ትላለች።

ጅብም በስንት መከራ፣ ሆዱ በውሃ ተነፍቶ ወጣ።

አንበሳ ተነሣና፣ «በልማዳችን የአሸናፊ አሠልጣኝ የበሬ ታፋ ይሸለማል። እመት አህያን ያሠለጠናት ማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

ታፋ ሲባል ጅብ ከተጋደመበት ብድግ አለ።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ! ልበላት ከኋላ ባላሳድዳት ኖሮ እንዲህ ትዋኝ ነበር?»

ቀበሮ «ይሄን ጅብ አላውቀውም» ብላ ሹልክ አለች።

«ሁለተኛ እዚህ አካባቢ እንዳላይህ!» ብሎ አንበሳ ሲያገሳ ጅብ ማነከሱን ትቶ ፈረጠጠ። አህያም «እፎይ!» ብላ፣ በዘበኞቹ ታጅባ ወደ መስኳ ገባች።

ከዚህ የምንማረው ስግብግብ ሰው ሽልማት ሲያይ የደበቀውን ክፋት በገዛ አፉ እንደሚያወጣው ነው።