የባላምባራስ ዘውገ ሽጉጥ ሁለት ብሎኖች

በቀጨሞ ሜዳ አንድ ሰው «ይሄ ምን ባለሙያ ያስፈልገዋል! እኔው አበጀዋለሁ» ብሎ እጅጌውን ሲሰበስብ፣ አጠገቡ ያለ ሽማግሌ ሳል ሳል ይልና አንዲት አባባል ጣል ያደርግበታል። አባባሏ አጭር ናት። መነሻዋ ግን ባላምባራስ ዘውገን የሚያህል ሰው ነው፤ እሳቸው ደግሞ በቁመትም በኩራትም አጭር አልነበሩም።

ባላምባራስ አንድ ሽጉጥ ነበራቸው። እጀታው ግራና ቀኙ በጥቁር ቀንድ የተለበጠ፣ ቀንዱም በሁለት ትንንሽ ብሎኖች የተያዘ ነው። ጥይት ካለቀበት አምስት ዓመት አልፎታል፤ ይህንን ምሥጢር የሚያውቁት እሳቸውና መላው አገር ብቻ ነበሩ።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከዋርካው ሥር ይቀመጡና ሽጉጡን ከማኅደሩ አውጥተው ብሎኖቹን በካራቸው ጫፍ ጠበቅ ጠበቅ ያደርጋሉ። ብሎኖቹ ላልተው አይደለም፤ ሰው ሁሉ በዚያ ስለሚያልፍ ነው። ያልላላውን ሲያጠብቁ ኖረው ኖረው፣ የአንደኛው ብሎን ራስ ተበላና ካራው የሚገባበት ስንጥቅ ጠፋ። ሁለተኛውን «አንተ ደግሞ እንዳትለግም!» ብለው ቢጠመዝዙት አንገቱ ላይ ቅንጥስ አለ። ራሱ ሣር ውስጥ ገብቶ ጠፋ፣ ግንዱ ቀዳዳው ውስጥ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ሽጉጡ በተነካ ቁጥር እንደ ጽናጽል ይንሿሿ ጀመር።

ይህ የሆነው ደግሞ በማይሆን ሰሞን ነው። ባላምባራስ ሚስታቸው ከሞተችባቸው ሦስት ዓመት ሆኗቸው ወይዘሮ አስካለን ለማግባት ሽማግሌ ልከዋል። ወይዘሮ አስካለም ባሏ የሞተባት፣ ንግግሯ ጥቂት፣ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። ባላምባራስ ከልባቸው ወደዋታል፤ ስሟ ሲነሳ እንኳ ጢማቸውን መነካካት ያበዛሉ። አጎቷ ፊታውራሪ ደምስ ሽማግሌ ሆነው ለመጡት ለአያ ገሠሠ፣ «እሑድ ልጄን እድራለሁ። ሰውዬው ይምጣ፣ እንየው፤ እሷም ትየው። መልሱን ያን ዕለት እንነግራችኋለን» አሉ። ሰርግ ተጠርቶ፣ ሽጉጥ እያለው የማይፎክር ባላምባራስ በዚያ አገር አልተወለደም። የቀረው ደግሞ አራት ቀን ነው።

በቀጨሞ ሜዳ የተሰበረ ብሎን የሚያወጣ አንድ ሰው ብቻ አለ፤ እሱም ከወንዙ ማዶ የሚኖረው ባለእጁ ቢሰጥ ነው። የአገሩ ማረሻ፣ ማጭድና መጥረቢያ ሁሉ ከእሱ እጅ የወጣ ነው። አገሩም ማረሻውን ይወስዳል፣ አብሮት ግን አይበላም። ባለፈው ዓመት ቢሰጥ «ማኅበር አስገቡኝ» ብሎ ቢለምን፣ «ቀጥቃጭ ከእኔ ጋር ጽዋ አይጨብጥም!» ብለው ያስከለከሉት ባላምባራስ ራሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ቸገራቸው። ሰው ሁሉ አውድማ በዋለበት ሰዓት ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ወንዙን ተሻገሩ። ቢሰጥን ወናፉ አጠገብ አገኙትና አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብለው ቆሙ።

«የአንድ ወዳጄ ሽጉጥ ነው፤ ትንሽ ላላ ብሎበታል» አሉ።

ቢሰጥ ሽጉጡን አየት አደረገ። በዚያ አገር ያለው ሽጉጥ አንድ ብቻ ነበር።

«ወዳጅዎ ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ነው። ወሬውን ተውና ይሄን አጥብቅ።»

«እስቲ ወዲህ ይበሉት።»

«እዚሁ እጄ ላይ እንዳለ እየው። የወንድ መሣሪያ ቀጥቃጭ እጅ አይገባም።»

«እጅዎ ላይ እንዳለማ በምን ልሥራው፣ በጸሎት?» አለ ቢሰጥ። «የተሰበረው ብሎን ግንዱ ቀዳዳው ውስጥ ቀርቷል፤ ቀስ ብዬ ሰርስሬ ማውጣት አለብኝ። ለእሱ ምትክ እሠራለታለሁ። ራሱ የተበላው ደግሞ በሞረድ አዲስ ስንጥቅ ይወጣለታል። ሁለት ቀን ይተዉልኝ።»

«ሽጉጤ አንተ ቤት ሊያድር?»

«የወዳጅዎ» አለ ቢሰጥ።

«ያው ነው!»

«ማረሻዎ ባለፈው ሦስት ቀን አድሮ ሄዷል። መሬቱም አልተቀየመዎ።»

«ማረሻ ማረሻ ነው፤ ሽጉጥ ክብር ነው!» ብለው ባላምባራስ ጀርባቸውን ሰጡ።

ቢሰጥ ከኋላቸው፣ «እንግዲያው እሑድ እንዳይመዙት ለወዳጅዎ ይንገሩልኝ!» አላቸው። ባላምባራስ አልሰማሁም አሉ።

ቤታቸው ገቡና በራሳቸው ተራቀቁ። ሰም አቀለጡ፣ ጥላሸት ቀላቀሉበት፣ ቀንዶቹንም ከብረቱ ጋር አጣበቁ። በብሎኖቹ ቦታ የሰም ጠብታ አንጠባጥበው በጥፍራቸው ስንጥቅ ሠሩለት። ሲረጋ ወዘወዙት፤ ጭጭ አለ። «ለዚህ ነው ሁለት ቀን የሚለኝ? ባለእጅ መቼም ሥራውን ሳያካብድ አይውል!» አሉ፣ ደስ ብሏቸው። በጥር ብርድ ሰሙ ድንጋይ ሆኖ ሰነበተ፤ እሳቸውም በየማለዳው እየወዘወዙ ቢሰጥን ይታዘቡት ነበር።

እሑድ ደረሰ። ዳሱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ የቀትሩ ፀሐይ ከላይ፣ የሰዉ ትንፋሽ ከታች ያጋግላል። ባላምባራስ ሽጉጡን ሆዳቸው ላይ ታጥቀው ጠጁን ደጋገሙ። ወይዘሮ አስካለ ከሴቶቹ መካከል ሆና አንድ ሁለቴ አየቻቸው። አቅራሪው ድምፁን ሲስብ ደማቸው ፈላ፤ ዘለው ከመካከል ገቡ።

«ዘራፍ! ዘውገ አባ መብረቅ፣ አንዴ ከጨበጠ የማይለቅ!»

ይህን ብለው ሽጉጡን መዘዙና እጃቸውን ሽቅብ ወረወሩ። ሰሙ ግን ገና ሆዳቸው ላይ ሳለ በሙቀቱ ልቡ ቀልጧል። ሁለቱ ቀንዶች መዳፋቸው ውስጥ ቀሩ፤ ብረቱ ከመካከላቸው ሾልኮ በሰርገኛው ራስ ላይ በረረ። ግማሹ ሰው «ኧረ በሥላሴ!» እያለ መሬት ተደፋ። ሽጉጡ ከፊታውራሪ ደምስ ፊት ካለው የዶሮ ወጥ ድስት ውስጥ ዘጭ አለ፤ የፊታውራሪ ነጭ ኩታም እስከ ትከሻው ቀላ።

ፊታውራሪ ወጡን ከቅንድባቸው ጠረጉ።

«ባላምባራስ፣ ጥሎሹ ይሄ ነው?»

ሰርገኛው በሳቅ ፈነዳ። ባላምባራስ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። የከፋው ግን ወይዘሮ አስካለ አለመሳቋ ነበር። ጥቁር ሰም የሚንጠባጠብበትን እጃቸውን እያየች ተነሳች።

«የሚጠግን ሰው አጥተው ነው?» አለቻቸው።

«አይ፣ ቢሰጥ ሁለት ቀን ተዉልኝ ብሎኝ ነበር» አሉ፤ ለመዋሸት እንኳ ጊዜ አላገኙም።

«ታዲያ ምነው?»

«መሣሪያዬን ባለእጅ አይነካም ብዬ ነው።»

ወይዘሮ አስካለ ነጠላዋን አስተካከለች። «እኔም አንድ ቀን መታመሜ አይቀርም። ያን ጊዜ መድኃኒት ለሚያውቅ ሳያሳዩኝ በሰም ሊያጣብቁኝ ነው?» አለችና ወደ አጎቷ ዞረች። «ጋሼ፣ እኔስ ይቅርብኝ።»

ያን ጊዜ የሳቀው ዳሱ ብቻ አልነበረም፤ ውጭ ያሉት ሥጋ ቆራጮች ሳይቀሩ ሳቁ። የጋብቻውን ቃል ተሸክመው የመጡት አያ ገሠሠ ግን ዘንጋቸውን ተደግፈው ብድግ አሉ፤ ሳቁ ጋብ እስኪል ጠብቀውም ባላምባራስን እያዩ እንዲህ አሉ፦ «ባለእጅ የናቀ፣ ሰርገኛ አሳቀ።»