በውክልና የዘለሉት ባላምባራስ ሙክት

ተረት ላምጣ? አምጣ በሉኛ! እንግዲያው ቦርጭ ያላችሁ ቀበቷችሁን አላሉ፤ ነገሩ እናንተንም ይነካል።

ዱሮ ዱሮ፣ እንስሳት በሸንጎ በሚተዳደሩበት ዘመን፣ የሸንጎው ዳኛ ባላምባራስ ሙክት የሚባሉ በግ ነበሩ። ላታቸው መሬት ይጠርጋል፤ ሆዳቸው ከእሳቸው ቀድሞ በር ይገባል። አገሩ ሁሉ "ተመችቷቸዋል!" ይላል፤ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል። ዳገት ሲወጡ ግን ልባቸው ድው ድው ይላል። ይህን ለማንም አይናገሩም።

በዚያ ዓመት አያ ጅቦ ዓይን አውጣ ሆኖ በጠራራ ፀሐይ ይወጣ ጀመር። በግጦሹና በመንደሩ መካከል ደግሞ ፈፋ አለ። ፈፋውን የዘለለ ይተርፋል፤ ያልዘለለ ይበላል።

ሸንጎው ከሚቀመጥበት ዋርካ ላይ የተንጠለጠለ ገመድ ባላምባራስን ጠራቸው።

"ጌታው፣ በየጠዋቱ በእኔ ሃምሳ ሃምሳ ይዝለሉ። ልብዎ ይበረታል፣ ትንፋሽዎ ይረዝማል፣ ጉልበትዎ ይጠናል።"

"እኔ? በዚህ ዕድሜዬ ገመድ ዝላይ? ሰው ምን ይለኛል!"

"ሰው የሚለውን ይተዉትና ጅብ የሚለውን ያስቡ" አለ ገመድ።

ነገሩ አሳሰባቸው። ሦስት ቀን አሰቡ፤ አሰቡና መላ አገኙ። የስድስት ልጆች እናት የሆነችውን፣ ጉልበቷ የሚንቋቋውን፣ ሳል የማይለቃትን እማማ አህዪትን አስጠሩ። በሽማግሌ ፊት ኮቴያቸውን ቀለም ነክረው ወረቀት ላይ አተሙ፦ "እኔን ሆና ገመድ እንድትዘል ወክያታለሁ።"

"ጌታው፣ እኔስ ብሆን አላረጀሁም?" አለች እማማ አህዪት።

"ክብር ያለኝ እኔ ነኝ። አንቺን ማን ያይሻል!"

በመጀመሪያው ቀን አህዪት ሦስት ዘልላ በቂጧ ተቀመጠች። ባላምባራስ ጥላ ሥር ሆነው ሲቆጥሩ ደከማቸውና አንድ ቁና ገብስ በሉ።

"ባላምባራስ፣ ዝላይ በውክልና አይሆንም" አለ ገመድ።

"ዝም በል፣ ወረቀት አለኝ!"

በሳምንቱ አህዪት ሃያ ዘለለች፤ ሳሏም ለቀቃት። ባላምባራስ ሸንጎ ገብተው "ሰሞኑን ዝላይ በዝቶብኛል" አሉ። ሁለት ቁና በሉ።

"ባላምባራስ፣ ዝላይ በውክልና አይሆንም።"

"ወረቀት አለኝ አልኩህ!"

በወሩ አህዪት እየዘፈነች ሃምሳውን ጨረሰች። ልጆቿ እንኳ አልደረሱባትም። ሸንጎው ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ለአርአያነታቸው ብሎ ባላምባራስን ካባ ሸለማቸው! አጨበጨቡ፤ እልል አሉ። አራት ቁና ተበላ።

"ባላምባራስ፣ ዝላይ በ..."

"ካባ የለበሰን ሰው ገመድ አይመክረውም!"

አንድ ቀን ሁለቱ ሲግጡ አያ ጅቦ ብቅ አለ። ሮጡ። አህዪት ቀደመች። ባላምባራስ ካባቸው እየጠለፋቸው፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ከኋላ ጮኹ፦

"አህዪት! ዝለይልኝ!"

አህዪት ፈፋውን ዘልላ ማዶ አረፈች። ዞር ብላም እንባዋ መጣ።

"ዘለልኩልዎት ጌታው! አሁን ደግሞ እርስዎ ይዝለሉ፣ በሞቴ!"

ባላምባራስ ፈፋው ጫፍ ደረሱ። ወይ ጉድ፣ ለካ ሰው ሳይሆን ፈፋ ነው የሚያስፈራው! በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መዝለል ከልባቸው አማራቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ተስፈነጠሩ። ካባው ተሻገረ፤ እሳቸው ፈፋው ውስጥ ቀሩ።

አያ ጅቦ ሲደርስ ወረቀቱን ዘረጉለት።

"ቆይ አያ ጅቦ! በየጠዋቱ ሃምሳ ዘልዬአለሁ፤ ይኸው ማህተሙ!"

አያ ጅቦ ረጋ ብሎ ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ወረቀቱ እንከን የለውም፣ ባላምባራስ" አለ። "ላቱም እንደዚያው።"

ከዚያ ወዲያ የሆነውን እናንተው ታውቁታላችሁ።

ተረቴ እዚህ ላይ ተቀመጠ፤ እናንተ ግን አትቀመጡ። በሰው ላብ የራስ ቦርጭ አይቀልጥም።