ስም የሚጠብቀው ወንድሜ

የእጅ ጽሑፌ ስለማያምር ይቅርታ አድርጉልኝ። ፊደልም እሳሳታለሁ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ እሱንም እንደ ምንም ብዬ ነው የጨረስኩት። መምህራችን ስም ሲጠሩ “አቤት” ስል ድምፄ ከአፌ ስለማይወጣ፣ ፊታቸው ተቀምጬ “ቀሪ” ተብዬ እመዘገብ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው መናገር ስለማይሆንለት ነው የጻፍኩት። እናንተ አንብቡና ተከራከሩበት፤ ከቻላችሁም ፍረዱ።

በአንድ ወቅት፣ አዋሽ ወንዝ አጠገብ፣ ዙሪያውን የሸንኮራ አገዳ በከበበው ሰፈር፣ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ነበሩ። ወቅቱ ሩቅ አይደለም፤ ሰዎቹ ዛሬም አሉ፤ ቤታቸውም ከቤታችን ጋር አጥር ለአጥር ነው። ባልየው ጋሽ ድንበሩ አገዳ የሚጭን ትራክተር ሲነዱ የኖሩ ናቸው። ሚስታቸው እትዬ የሺመቤት የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነበሩ። የሰፈሩን ልጅ ግማሹን የተቀበሉት እሳቸው ናቸው፤ እኔንም ጭምር።

ጡረታ የወጡ ሰሞን ቤት ተቀምጠው ይነታረኩ ነበር።

“በስኳር አገር ተቀምጠን ሻዩ ስኳር ይነሰው?” ይላሉ ጋሽ ድንበሩ።

“ምላስህ ነው የመረረው” ይላሉ እትዬ።

ኋላ ግን ሳምንታቸውን ትንሽ በትንሽ ቀየሩት። ሰኞ ገበያ የሚሄዱት ጋሽ ድንበሩ ሆኑ፤ ሁልጊዜም የፈረጠ ቲማቲም ይዘው ይመለሳሉ። ረቡዕ የታመመ ይጠይቃሉ። ዓርብ ጓደኛቸው ጋሽ መንገሻ ቤት ገበጣ ይጫወታሉ። ቅዳሜ ደግሞ ሦስቱ ሆነው፣ ምሳቸውን በአገልግል ይዘው፣ ቦዩ ዳር ካለው ማንጎ ሥር ይውላሉ። “ጡረታ እንደነሱ ነው እንጂ!” ይላል የሰፈሩ ሰው። እኔም በአጥሩ ቀዳዳ ሲወጡ ሳያቸው ዘመዶቼ የሆኑ ያህል እኮራ ነበር።

የቅዳሜው ነገር ያለ ሦስት ትንንሽ ለውጦች አይሆንም ነበር።

የእትዬ ጉልበት ስለሚያማቸው እስከ ማንጎው መራመድ አይችሉም። ጋሽ ድንበሩ ብረት አስበየዱና ከብስክሌታቸው ኋላ ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ቀጠሉ። በውስጡም ፍራሽ አነጠፉ። መጀመሪያ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ሳቀ። “ጋሽ ድንበሩ፣ ፈረሱ የት ሄደ?” ሲሏቸው፣ “ፈረሱ እኔ ነኝ፣ ሳር አምጡ!” እያሉ አለፉ።

እትዬ የሺመቤት የሥራ ቦርሳቸውን ሁለተኛ ላይነኩ ምለው ነበር። አንድ ቅዳሜ ግን ከአገልግሉ ጎን ይዘውት ወጡ፤ ንጹሕ ጨርቅ፣ መቀስ፣ ክር፣ ጓንት። ጋሽ ድንበሩ “ጡረታ ወጥተሽ የለም እንዴ? ማንጎውን ልታዋልጂው ነው?” አሉ። “እጄ ባዶውን ሲሆን ይከብደኛል” አሉ እትዬ። ከዚያ በኋላ ቦርሳው አልቀረም።

ጋሽ መንገሻ ደግሞ የአገዳ ማሳ ዘበኛ ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ ከርከሮ ይሁን ሌባ በጆሯቸው ይለያሉ። የጋሽ ድንበሩ ሬድዮ ያቃጥላቸው ነበርና፣ ምሳ እስኪቀርብ ሬድዮ እንዳይከፈት ደነገጉ። “ኳሱ እኮ ሊያመልጠኝ ነው!” ሲባሉ፣ “ኳስ ሁልጊዜ አለ፤ ጸጥታ ግን የቅዳሜ ብቻ ናት” አሉ።

አንድ ቅዳሜ እናቴ ለላማችን የአገዳ ጫፍ ልትለቅም ወጣች። ነፍሰ ጡር ነበረች። “ቀኔ ገና ነው” አለች። እኔም ተከተልኳት። ማሳው መሃል ስንደርስ ምጡ በድንገት መጣባት። አገዳው ከሰው ቁመት በላይ ነው፤ ሰማይ እንጂ ሌላ አይታይም።

ከማንጎው ሥር ጋሽ መንገሻ ብድግ አሉ። “ዝም በሉ!”

“ማን ተናገረ?” አሉ ጋሽ ድንበሩ።

“ዝም በል አልኩህ! ሴት እየጮኸች ነው።”

ባልና ሚስቱ ምንም አልሰሙም። አገዳ ውስጥ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ያስቸግራል፤ ከግራም ከቀኝም የመጣ ይመስላል። ጋሽ መንገሻ ኮፍያቸውን አወለቁ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ አንገታቸውን ወዲህና ወዲያ አዞሩ። ከዚያ ጣታቸውን ቀስረው “በዚህ!” አሉ። አገዳውን በትከሻቸው እየገፉ ሳይሳሳቱ እናቴ ከወደቀችበት ደረሱ።

እትዬ የሺመቤት በጋሽ ድንበሩ ትከሻ ተደግፈው ተከተሉ። ያ የሚያማቸው ጉልበት መሬት ላይ ተንበረከከ። ልጁ ሲወጣ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ፣ ፊቱ ጠቁሮ፣ ትንፋሽ አልነበረውም። እሳቸው ግን አልደነገጡም። ፈቱት፣ አፉን ጠረጉ፣ ጀርባውን አሹት፣ እንደገና አሹት። “ና የኔ ጌታ፣ ና፣ ሁላችንም እዚህ ነን” አሉት። አለቀሰ። ጋሽ መንገሻም አብረውት አለቀሱ።

ጋሽ ድንበሩ ጋሪውን አመጡ። የእናቴ ደም አልቆም ብሎ ነበር፤ የቦዩ ዳር መንገድ ደግሞ ጠባብ ስለሆነ መኪና አይገባበትም። እናቴ ፍራሹ ላይ ተጋደመች፤ እትዬ ልጁን አቅፈው፣ በአንድ እጃቸው ሆዷን ተጭነው ተቀመጡ። ጋሽ ድንበሩ ያንን ሁሉ ሰው እየጎተቱ ብስክሌቱን ረገጡት። አንዱ ጎማ ጭቃ ሲይዘው ወርደው በደረታቸው ገፉት። ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲደርሱ በጣታቸው ብቻ ወደ ጋሪው አመለከቱ። ሐኪሟ “ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ...” ብላ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም።

አባቴ ከፋብሪካ እየሮጠ መጣ። እናቴንም ልጁንም በሕይወት ሲያይ ደስታው አሳበደውና በሰው ሁሉ ፊት፣ “ልጄን ያተረፈልኝ ሰው ስሙን ያውጣለት!” አለ። ችግሩ የመጣው ከዚህ ነው። አባቴ የተናገረው ለአንድ ሰው ነው፤ ፊቱ የቆሙት ግን ሦስት ነበሩ።

ገንፎ ሊበሉ ቤታችን ሲመጡ ሦስቱም ስም ይዘው መጡ።

“ሰማኸኝ ይባል” አሉ ጋሽ መንገሻ። “እኔ ባልሰማ እናንተ ማንጎ ሥር ተጋድማችሁ ዳቦ ትገምጡ ነበር።”

“ሰምተህስ ምን አደረግህ? ኮፍያህን ይዘህ ቆምክ” አሉ እትዬ። “ትንፋሹን የመለስኩለት እኔ ነኝ። መልሰው ይባል።”

“ልጁስ ተነፈሰ፤ እናቱ ባትተርፍ ማን ሊያጠባው ነበር፣ አንቺ?” አሉ ጋሽ ድንበሩ። “ሁለቱንም ያሻገርኩ እኔ ነኝ። አሻግሬ ይባል።”

“ጋሪው ውስጥ ደሟን የያዘው ማን ሆነና! ፈረስ የሐኪም ማዕረግ ጠይቆ ያውቃል?”

“ፈረሱ ባይኖር ሐኪሟ በጉልበቷ ትደርስ ነበር?”

ሰው ሁሉ ሳቀ። እነሱም ሳቁ። ግን ማንም ስሙን አልተወም። ሦስቱም ልጅ አልወለዱም። እትዬ ያን ሁሉ ሕፃን ተቀብለው ለአንዱም ስም አውጥተው አያውቁም። ጋሽ መንገሻ “ከሞትኩ በኋላ አንድ ሰው እኔ ባወጣሁት ስም ሲጠራ ይኑር” ብለው ለአባቴ ለብቻው ሲነግሩት ሰምቻለሁ። ጋሽ ድንበሩም “አሻግሬ” የሚለውን ጋሪው ላይ በቀለም ጽፈውታል።

አሁን ቅዳሜ ወደ ማንጎው የሚሄድ የለም። የእኛ ዶሮ ጋሪው ውስጥ ተኝታ እንቁላል ትጥልበታለች። ገበጣው ከነጠጠሩ ጋሽ መንገሻ ደጃፍ ተቀምጧል። እትዬ ረቡዕ የታመመ ሊጠይቁ የሚሄዱት በሰው ተደግፈው ነው፤ ጋሽ ድንበሩም ከኋላ ከኋላ ባዶ ብስክሌታቸውን እየገፉ ይከተሏቸዋል። ያ የሚያኮራን ሳምንት ተበተነ። አባቴ “ምላሴ ይቆረጥ” ይላል፤ አንዱን ቢመርጥ ሁለቱን ሊያጣ ነው። ክርስትናው ደግሞ ደረሰ። ወንድሜ እስካሁን “ማሙሽ” ነው።

እኔ ለማንም ያልተናገርኩት ነገር አለ፤ ለእናቴም ጭምር። ሁሉም የጮኸችው እናቴ ናት ይላል። ጋሽ መንገሻ “የምታምጥ እናት ድምፅ አይጠፋኝም” ብለው ለሰፈሩ አውርተዋል። እናቴ “እኔ እንደጮህኩ አላስታውስም” ስትል “ምጥ ያስረሳል” ይሏታል። እናቴ ግን አልጮኸችም። የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ በእጇ ብቻ ወደ ቦዩ አመለከተችኝ። እኔም እዚያው አጠገባችን ካለው የቦዩ የአፈር ክምር ላይ ወጥቼ አፌን ከፈትኩ። መጀመሪያ ምንም አልወጣም። ከዚያ ወጣ። አገዳው ላይ የነበሩት ወፎች ሁሉ በአንድ ላይ ተነሡ። የኔ ድምፅ መሆኑን እኔም አላመንኩም። ሲደርሱ የእናቴን ራስ ታቅፌ፣ እንደ ሁልጊዜዬ ዝም ብዬ ነበር ያገኙኝ።

ያልተናገርኩት አፍሬ አይደለም። ብናገር እነሱን የሚያስታርቅ ይሁን ወይም አራተኛ ተከራካሪ የሚጨምር አላውቅም። እኔም ለወንድሜ ያወጣሁለት ስም አለኝ፤ በጆሮው ብቻ ነው የምነግረው።

እንግዲህ ፍረዱ። የሰሙት አሉ፣ ትንፋሹን የመለሱት አሉ፣ ያሻገሩትም አሉ፤ የጠራችም አለች። የወንድሜን ስም ማን ያውጣ?