የአቶ ሽመክት ጆሮ

አንድ ቀን፣ ያውም እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ገርጂ ወደሚገኘው የአቶ ሽመክት ቤት ልጅ ሊጠይቁ ሄዱ። የላካቸው ናሁሠናይ የሚባል ጨዋ ልጅ ነው። ከአቶ ሽመክት ልጅ ከሰሎሜ ጋር ከተዋደዱ ቆይተዋል፤ እሷ ግን «አባቴ ሳይመርቀኝ ንቅንቅ አልልም» ብላዋለች። አባትየው ደግሞ ከዚህ በፊት የተላኩትን ሽማግሌዎች ሰበብ ፈልገው አሰናብተዋል። ስለዚህ በዚህኛው ዙር ንግግሩን እንዲመሩ ጋሽ በየነ ተለመኑ። ጋሽ በየነ ከአውቶቡስ ተቆጣጣሪነት ጡረታ ከወጡ ሰንብተዋል፤ ምላሳቸው ግን እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ነው።

ታዲያ ይሄ ናሁሠናይ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? አማቱ ሙዚቃ ወዳድ መሆናቸውን ሰምቶ ለሽማግሌዎቹ ስጦታ አስያዛቸው። ስጦታው የሙዚቃ ሰርቨር ነው፤ ስንትና ስንት ዘፈን በሆዱ የያዘ፣ ሲዲ የማይፈልግ ጥቁር ሳጥን። ሰሎሜ አባቷ የሚወዷቸውን ሲዲዎች በድብቅ እያቀበለችው ሁሉንም ገልብጦበታል። ምስኪን፣ ደስ የሚያሰኛቸው መስሎት! አቶ ሽመክት እኮ የሲዲ ሰው ናቸው። ሳሎናቸው ከወለል እስከ ጣሪያ ሲዲ ነው፤ መሀል ላይ ደግሞ ሲዲ ከማንበብ ሌላ ሥራ የማያውቅ፣ የመኪና ዋጋ የወጣበት ማሽን ተጎልቷል። ለእሳቸው ሰርቨር መላክ በጾም ቀን ለቄስ ጥሬ ሥጋ እንደመላክ ነው።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ በሩ አጠገብ ቆሙ።

«ኧረ ተቀመጡ እንጂ አባቶቼ!» አሉ አቶ ሽመክት።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ በየነ። «ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው። ይቺም ከልጃችን የተላከች ናት።» ሳጥኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት።

አቶ ሽመክት ሳጥኗን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። «ሰርቨር? ለእኔ? ይሄ ልጅ ሰደበኝ እኮ! ኑ እስቲ፣ ይኸውላችሁ፤ ይሄ የኔው ማሽን ትራንስፖርት ይባላል።»

«እኛስ በእግራችን ነው የመጣነው» አሉ ጋሽ በየነ።

«ስሙ ነው ጋሽ በየነ! ሲዲውን አንብቦ ድምፅ ለሚያወጣው ለዚያኛው ማሽን ያቀብላል፣ በቃ። አንዲት ኮሽታ አይጨምርም፣ አንዲት ትንፋሽ አይቀንስም። ያ ያመጣችሁት ደግሞ ኮምፒውተር ነው፤ ነፍስ የለውም!»

ለማሳየትም ተነሡ። አንድ የሳክስፎን ሲዲ አወጡ፤ ጠርዙን በሁለት ጣት ይዘው እፍ አሉበት፤ ቁልፍ ሲነኩ የማሽኑ በር ሸርተት ብሎ ወጣ፤ ሲዲውን እንደ ሕፃን አስተኙት፤ በሩ ተመልሶ ገባና ቀጭ አለ። ጋሽ በየነ ግን ማሽኑን ትተው የሚያዩት ሰውየውን ነበር። በሩ ቀጭ እንዳለ፣ ገና አንዲት ድምፅ ሳትሰማ፣ አቶ ሽመክት ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ አሉ። «አሃ፣ እንዲህ ነው ነገሩ!» አሉ ጋሽ በየነ በሆዳቸው።

«ሰማችሁ?» አሉ አቶ ሽመክት ሙዚቃው ሲያልቅ። «ይሄንን ከዚያ ሳጥን የማይለይ ሰው ጆሮ የለውም። ጆሮ የሌለው ሰው ደግሞ ሚስት አይገባውም፤ ሚስት የሚሰማት ትፈልጋለች! ፍርዴ ይሄው ነው፣ ለማንም ብዬ አላጥፈውም። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ልጄን አልሰጥም።»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ወደ በሩ ዞር አሉ። ጋሽ በየነ ግን ካሉበት አልተነቃነቁም።

«ፍርዱን ተቀብለናል» አሉ። «እኛም አናጥፈውም። ብቻ እርስዎ ፊትዎን ተሸፍነው ይለዩልን። ከለዩ ሳጥናችንን ይዘን እንወጣለን፤ ሁለተኛ ደጅዎን አንረግጥም።»

«ኧረ በየነ፣ ምን ነካህ?» ብለው አንደኛው ሽማግሌ እጃቸውን ቆነጠጧቸው። እውነትም ጋሽ በየነ ራሳቸው ፈርተዋል፤ ካልሆነላቸው የሁለት ልጆች ትዳር በእሳቸው አፍ መጥፋቱ ነው።

አቶ ሽመክት እየሳቁ ሰርቨሩን ራሳቸው ሰኩት። ያንኑ የሳክስፎን ዜማ አዘጋጁለት፤ በሪሞቱ ላይ የቱ ቁልፍ ሲዲውን፣ የቱ ሰርቨሩን እንደሚያስጀምር አሳዩና ሶፋቸው ላይ ተደላድለው ጋቢያቸውን እስከ አናታቸው ተከናነቡ።

ጋሽ በየነ መጀመሪያ የማሽኑን በር ከፈቱት። ሸርተት። መልሰው ዘጉት። ቀጭ። ከዚያ የሰርቨሩን ቁልፍ ተጫኑ። ሳክስፎኑ ሳሎኑን ሞላው።

«አቤት! አቤት!» አሉ አቶ ሽመክት ከጋቢው ውስጥ። «ትንፋሹን ሰማችሁት? ይሄ ነው ሲዲ ማለት! እሰይ የኔ ማሽን!»

ቀጥለው ጋሽ በየነ ሰርቨሩን አጥፍተው፣ በሩን ንክች ሳያደርጉ፣ ኮሽ ሳያሰኙ፣ ሲዲውን አስጀመሩት።

«ኤጭ! አጥፉልኝ!» አሉ አቶ ሽመክት። «ቆርቆሮ! ይሄ ያ የተረገመ ሳጥን ነው።»

«ጋቢውን ያንሱትና ይዩ» አሉ ጋሽ በየነ።

አቶ ሽመክት ገልጠው አዩ። የሰርቨሩ መብራት ጠፍቷል። የሚሠራው የራሳቸው ውድ ማሽን ነው፤ ቆርቆሮ ያሉት እሱኑ ነው። ሪሞቱን ተቀብለው አንዴ ይሄን፣ አንዴ ያንን ቢነካኩ ድምፁ ያው ሆነ። ላብ አጠመቃቸው።

«እንግዲህ አቶ ሽመክት» አሉ ጋሽ በየነ፣ «ጆሮ የሌለው ሰው ሚስት አይገባውም ብለው ፈርደዋል፤ እኛም አናጥፈውም ብለናል። ስለዚህ ወይ ሰሎሜን ይስጡን፣ ወይ ባለቤትዎን ወይዘሮ የሺመቤትን ይዘን እንሄዳለን። ባዶ እጃችንን ግን አንመለስም።»

ይሄኔ ከጓዳ የወይዘሮ የሺመቤት ድምፅ ተሰማ። «እውነት ነው፣ እኔም ስጠራው ሰምቶኝ አያውቅም! ቆዩኝማ፣ ነጠላዬን ልልበስ!»

«ሰሎሜን! ኧረ ሰሎሜን ውሰዱ!» ብለው አቶ ሽመክት ብድግ አሉ።