በአክሱም ሐውልቶች መካከል የጠፋው መምህር

የክርስቶስ ወገኖች ሆይ፥ የተበተነ ልባችሁን ሰብስባችሁ ስሙ፤ አምላክን በድንግልና የወለደች እመቤታችን ቅድስት ማርያም፥ ባልዋ በሰው አገር ለጠፋባት ለአንዲት ሴት ያደረገችውን ተአምር እንነግራችኋለን። ለተጨነቀ ሁሉ ፈጥና የምትደርስ የእርሷ ረድኤት እኛንም አትለየን፥ አሜን።

በደብረ ታቦር ከተማ አሰገደች የምትባል፥ የክርስትና ስሟም ወለተ ኪዳን የሆነ አንዲት ሴት ነበረች። እርሷም እመቤታችንን አብዝታ ትወድ ነበርና የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ሳትደግም እህል አትቀምስም ነበር፤ ብትታመም ተኝታ፥ መንገድ ብትወጣም በመኪና ውስጥ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትደግም ነበር እንጂ አንድ ቀንም አታስታጉልም ነበር። ባልዋ ይትባረክም የታሪክ መምህር ነበረና፥ የአክሱምን ሐውልቶች በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሣለ ብዙ ትውልድ አስተማረ፤ በዓይኑ ግን አላያቸውም፥ ዛሬ ነገ ሲል ጡረታው ደረሰና። ከዚያም የመርሳት ደዌ ያዘው፥ ዕረፍትም ከእርሱ ራቀች፤ ገና ጎሕ ሲቀድ ኮቱን ይለብስና «ተማሪዎቼ የታሉ? ደወሉ ተደወለ እኮ!» እያለ ወደ መንገድ ይወጣ ነበር፥ እርሷም እየተከተለች ትመልሰው ነበር። በሩን ብትቆልፍበት እንደ ታሰረ ወፍ ግድግዳውን ይዳብሳል፤ ብትከፍትለት ይጠፋባታል፤ በዚህም ሁሉ ነፍሷ ተጨነቀች።

በፍልሰታ ጾምም ልብዋ ተነሣሥቶ «ፈጽሞ ሳይጨልምበት የኖረለትን ነገር ይየው» ብላ ወደ አክሱም ልትወስደው ቆረጠች። ጎረቤቶችዋም «አንቺ ሴት፥ ምን ነካሽ? ይህንን ሰው እንኳን አክሱም፥ ገበያ ማን ይወስደዋል?» አሏት። እርሷ ግን «እመቤቴ ታውቃለች» ብላ ስንቅዋን ቋጠረችና ይዛው ሄደች።

በደረሱም ጊዜ አስቀድመው ወደ ሐውልቶቹ ሄዱ፤ መምህሩም ከታላቁ ሐውልት ሥር ቆሞ አንጋጦ እስከ ጫፉ አየው፤ ከዚያም ወደ ኋላው ዘወር ብሎ ማንም በሌለበት «ልጆች፥ አሳንሼ ነው የሣልኩላችሁ፤ ይህንን ያህላል ብዬ መች አስተማርኳችሁ!» አለ፥ ዕንባውም በጉንጩ ላይ ወረደ። ሚስቱም ደስታና ኀዘን ተቀላቀሉባት፥ ክንዱንም ይዛ ጥንታዊ ዕቃዎች ወደሚታዩበት ቤት አስገባችው። በዚያም የሸክላውን ገንቦና የተጻፈበትን ድንጋይ እያዩ ሳሉ ልቡ ታወከ፥ ጣቱንም ወደ ጎብኚዎቹ እየቀሰረ ይቈጥር ጀመረ፤ «አንድ ልጅ ጎድሏል» አላት።

እርሷም «ማንም አልጎደለም መምህር፥ እኔና አንተ ብቻ ነን የመጣነው» አለችው።

እርሱም «አንድ ልጅ መቃብር ውስጥ ቀርቷል እያልኩሽ ነው! ለእናቱ ምን ልበላት?» አለ።

እርሷም ውኃ ልታጠጣው ወደ ቦርሳዋ ጎንበስ አለች፥ ቀና ባለች ጊዜም አጣችው። ወደ ደጅ ሮጣ ወጣች፥ የለም፤ ወደ ሐውልቶቹ ተመለሰች፥ የለም፤ በወደቀው ታላቅ ድንጋይ ዙሪያ ዞረች፥ በገበያውም መካከል «ኮት የለበሰ ሽማግሌ አላያችሁም?» እያለች ጠየቀች፥ ሰዎችም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያም ማይ ሹም ወደሚባለው ጥንታዊ ኩሬ ወረደች፤ የውኃውን ጥልቀት ባየች ጊዜም ስሙን እየጠራች ጮኸች። በዚያ የነበሩ ሴቶችም «ልጁን የሚጣራ አንድ ሽማግሌ ወደ ኮረብታው ወጥቷል» አሏት፥ እርሷም የነገሥታቱ መቃብሮች ወዳሉበት ኮረብታ መንገዱን ይዛ ወጣች። ሰማዩም ጠቈረ፥ ዝናቡም በበረዶ ተቀላቅሎ ወረደ፤ ነጠላዋ ከገላዋ ተጣበቀ፥ ጫማዋም በጭቃው ቀረ፥ እርሷ ግን አልቆመችም። እየሮጠችም አለቀሰችና «እመቤቴ ሆይ፥ አንቺም ልጅሽን በኢየሩሳሌም አጥተሽ ሦስት ቀን ፈልገሽዋል፤ የፈላጊን ሆድ ከአንቺ በቀር ማን ያውቃል? እኔ ያልደረስኩበት አንቺ ድረሽበት» አለች።

በኮረብታውም ጎን አቶ ወልደ ገሪማ የሚባል ዘበኛ ከዝናብ ተጠልሎ አገኘች፥ ጩኸትዋንም ሰምቶ ከእርሷ ጋር ተነሣ። በዚያም ስፍራ ማንም የማይገባበት፥ አፉ በገመድ የታጠረ አሮጌ መቃብር ነበረ፤ በደረሱም ጊዜ ገመዱ ወድቆ፥ በጭቃውም ላይ ወደ ታች የወረደ የጫማ ፈለግ አዩ። ጎርፉም በደረጃው ላይ እየዘለለ ወደ ውስጥ ይገባ ነበር። አሰገደችም ልትወርድ ስትል ዘበኛው ወገብዋን ያዛት፥ ያን ጊዜም ከላይ የነበረው አፈር ከነድንጋዩ ተንዶ የመቃብሩን አፍ ዘጋው። እርሷም በምድር ላይ ወድቃ በእጆችዋ አፈሩን ቧጠጠች፤ ዘበኛውም «ሰው ጥሩ! አካፋ አምጡ!» እያለ ወደ መንደሩ ጮኸ።

በዚህ ጊዜ ከኋላዋ «አሰገደች፥ ተነሺ እንጂ፤ ዝናብ ይመታሻል» የሚል ድምፅ ሰማች። ዘወር ባለችም ጊዜ ይትባረክ በአቅራቢያው ካለ የሾላ ዛፍ ሥር ቆሞ ነበር፤ ጉልበቱ ድረስ የመቃብሩ ጭቃ ነበረበት፥ ፊቱ ግን እንደ ሕፃን ፊት አርፎ ነበር።

«ከየት መጣህ?» አለችው።

«ከታች ነበርኩ፤ ልጁን በጨለማ እየዳበስኩ ስጠራው አንዲት እናት መጣች። ‹መምህር፥ የምትፈልገው ልጅ እኔ ዘንድ ነው፥ አልጠፋም፤ አንተን ግን የምትፈልግ አለችና ውጣላት› አለችኝ፥ እጄንም ይዛ አወጣችኝ» አላት።

«የታለች?»

«አሁን ከዚህ ነበረች እኮ! ከአንቺ ጋር የመጣች መስሎኝ ነበር።»

አቶ ወልደ ገሪማም የመቃብሩ መውጫ ይህ የተዘጋው አፍ ብቻ እንደ ሆነ፥ በዚያም ሴት እንዳላለፈች ያውቅ ነበርና በጭቃው ላይ ተንበርክኮ ምድሪቱን ሳመ። የመንደሩም ሰዎች አካፋቸውን ይዘው በደረሱ ጊዜ ነገሩን ሰሙና እልል አሉ።

በማግሥቱም ሊያመሰግኑ ወደ ጽዮን ሄዱ፤ ወደ አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ግን ሴቶች አይገቡምና ይትባረክ ለብቻው ይገባ ዘንድ ግድ ሆነ። አሰገደችም እጁን ለመልቀቅ ፈራች፥ ጣቶችዋም እምቢ አሏት፤ በኋላ ግን «አንዴ ለእመቤቴ አደራ ሰጥቻት የለምን?» ብላ ለቀቀችው። እርሱም ገባ። ሰዎች ወጡ፥ እርሱ አልወጣም፤ ሌሎችም ወጡ፥ እርሱ ግን ዘገየ፤ እርሷም ውዳሴዋን ጀምራ ተሳሳተች፥ እንደ ገናም ጀመረች። ከዚያም በሕዝቡ መካከል ሲመጣ አየችው፤ ወዲያና ወዲህ ሳይል፥ ማንንም ሳይጠይቅ፥ ወደ እርሷ ቀጥ ብሎ መጥቶ አጠገቧ ቆመ።

«አንቺ አልገባሽም አይደል?» አላት፤ «ለአንቺም ተሳልሜልሻለሁ።»

የመርሳቱም ደዌ ፈጽሞ አልለቀቀውም፤ ነገር ግን ያ መቅበዝበዝ ከእርሱ ተወገደ፥ ዳግመኛም ከቤቱ ወጥቶ አልጠፋም፤ ሁለቱም እስከ ዕለተ ሞታቸው እመቤታችንን ሲያመሰግኑ ኖሩ።

እናንተም ይህንን የሰማችሁ፥ የጠፋባችሁን ታግኝላችሁ፤ የምትወዱትን ሰው እጅ ለመልቀቅ በምትፈሩበት ሰዓት እርሷ በወዲያኛው በኩል ትያዝላችሁ፤ በኋለኛይቱም ቀን ልጅዋ ወገኖቹን ሲሰበስብ ከመካከላችን አንድ እንኳ አይጉደል፥ ለዘለዓለሙ አሜን።